አራተኛው ዳኛ ያልጻፈው

የጨዋታ ሪፖርት ቅጽ መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። «ልዩ ሁኔታ ካለ ይገለጽ» ትላለች። ከሥሯ ሦስት መስመር ተሰምሮላታል። በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የክረምት የሰፈር ዋንጫ ጨዋታ አራተኛ ዳኛ ነበርኩ። ያችን ሳጥን «የለም» ብዬ ሞላኋት። ፈረምኩ። ቅጂውን አጥፌ ጃኬቴ ኪስ ከተትኩ። ቅጂው ዛሬም አለ። መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከልጆቼ የክትባት ካርድ ጋር ተቀምጧል።

«የለም» ያልኩት ሐሰት ነበር። ሐሰት መሆኑን ስጽፈውም አውቅ ነበር።

የደብረ ብርሃንን ነሐሴ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ወርዶ ሜዳው መሀል ይቀመጣል። ከአንዱ ጎል ሌላው አይታይም። ዝናቡ ሲያባራ ታኬታ ያለውም የሌለውም እኩል ይንሸራተታል። ሰው ግን አይቀርም። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ቆሎውን በኪሱ ይዞ፣ መስመሩን ከብቦ ይቆማል።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ክረምት ክረምት ዳኝነት እሠራለሁ። የዚያን ቀን ጠረጴዛው፣ የተጫዋቾች ዝርዝር፣ በካርቶን ላይ የተጻፈው የቅያሪ ቁጥርና ሪፖርቱ የእኔ ኃላፊነት ነበሩ።

ከአንደኛው ቡድን አንድ አዲስ ልጅ ተሰልፏል። 14 ቁጥር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ በኩል የመጣ። ለክረምት አገሩ ደርሶ መመለስ ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቀው እዚሁ ቀርቶ ሕንፃ ላይ የቀን ሥራ ይሠራ ነበር። ማታ ማታ ከሰፈር ልጆች ጋር ሲጫወት አይተውት ነው ማሊያ የሰጡት። በግራ መስመር ይጫወታል። ሌላው በጭቃው ሲደናቀፍ እርሱ አስፋልት ላይ ያለ ይመስል ነበር።

ማይክ የያዘው የሰፈራችን ሰው ነው። ደግ ሰው ነው፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ተጫዋች ሲታመም ገንዘብ የሚሰበስበው እርሱ ነው። ሁሉንም ተጫዋች በስሙ ወይም በቅጽል ስሙ ይጠራል። 14 ቁጥርን ግን በስሙ አልጠራውም። በቁጥሩም አልጠራውም። በአንድ ቃል ጠራው። ቃሉን እናንተም ታውቁታላችሁ። ልጁ ኳስ በያዘ ቁጥር ቃሉ በድምፅ ማጉያው ይወጣል። ሰው ይስቃል። ሲያደንቁትም በዚያው ቃል ነው፣ ሲሳሳትም በዚያው ቃል ነው።

## «ይጻፉልኝ»

63ኛው ደቂቃ ላይ የተቃራኒ ቡድን ተከላካይ ከኋላ መጥቶ ጣለው። ፋውል ተነፋ። ልጁ ሊነሳ ሲል ተከላካዩ ጎንበስ ብሎ ያንኑ ቃል ደገመለት። ከቃሉ ጋር የልጁን እናት ጨመረበት። ከእኔ አምስት እርምጃ ቢርቅ ነው። ጥርት አድርጌ ሰማሁት። ዋናው ዳኛ ቅጣት ምቱን ሊያስቀምጥ ዞሯል።

ልጁ ተነሳ። ወደ ተከላካዩ አልሄደም። ወደ ዋናው ዳኛም አልሄደም። ጭቃውን ከጉልበቱ እየጠረገ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ጠረጴዛ መጣ።

«ዳኛ፣ ሰምተዋል። ይጻፉልኝ።»

«ተው ወንድሜ፣ ቀልድ ነው። አትስማቸው። ጨዋታህን ተጫወት።»

«እርስዎ ግን ሰምተዋል አይደል?»

መልስ አልሰጠሁትም። ሰዓቴን አየሁ። ሰዓት የማየው ጉዳይ አልነበረኝም።

ጥቂት ጠበቀኝ። ከዚያ ተመለሰ። ቀጥሎ የመጣለትን ኳስ አልሮጠበትም። ከእግሩ ሥር አልፎ ወጣ። ማይክ የያዘው ሰው «ምን ነካው ዛሬ!» አለ፤ ቃሉን ጨምሮ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አሠልጣኙ ቅያሪ ጠየቀ። 14 ቁጥር የተጻፈበትን ካርቶን ከፍ አድርጌ ያሳየሁት እኔው ነኝ። ልጁ ጓደኞቹ ጋ አልተቀመጠም። ማሊያውን አውልቆ፣ አጥፎ፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና በጉሙ ውስጥ ወደ በሬሳ ወንዝ በኩል ሄደ። በሌላ ጨዋታ ላይ አላየሁትም።

ያን ማታ ለራሴ ብዙ ምክንያት ደረደርኩ። ዋናው ዳኛ አልሰማም፤ እኔ ብቻዬን ብጽፍ ማን ያምነኛል? ማይክ የያዘው ሰው ወዳጄ ነው። ዋንጫው ሊያልቅ ሁለት ጨዋታ ቀርቶታል፤ ጠብ ቢነሳስ? ደግሞም ቃሉ እኛ አገር የተለመደ ነው፤ ልጁን ማን በክፋት አየው? እያንዳንዱ ምክንያት ለብቻው ሲታይ ትክክል ይመስላል።

ሲውል ሲያድር ግን አንዲት ነገር አልለቅ አለችኝ። «አትስማቸው» ብዬዋለሁ። መስማት ሥራዬ የሆነው እኔ፣ የተሰደበውን ሰው እንዳይሰማ መከርኩት። የመስማቱን ሸክም ከራሴ አውርጄ እርሱ ጀርባ ላይ ጫንኩት። በጆሮው የገባውን ቃል እንዴት አድርጎ ነው የማይሰማው?

## ኅዳር 29 ማታ

ኅዳር 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ማታ ጠባሴ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጬ ነበር። የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ ነው፤ ፓሪ ሴን ዠርሜን ከኢስታንቡል ባሻክሼሂር። ገና 14ኛው ደቂቃ አካባቢ ጨዋታው ቆመ። መጀመሪያ ነገሩ አልገባንም። ተጫዋቾች በአራተኛው ዳኛ ዙሪያ ተሰብስበዋል።

አራተኛው ዳኛ ሮማንያዊው ሴባስቲያን ኮልቴስኩ ነው። የባሻክሼሂር ምክትል አሠልጣኝ፣ ካሜሩናዊው ፒየር ዌቦ፣ ከጠረጴዛው አጠገብ ሆኖ በዳኝነቱ ላይ ይጮኻል። ኮልቴስኩ ለዋናው ዳኛ ቀይ ካርድ የሚገባው የትኛው እንደሆነ ሊጠቁም በሮማንያኛ «ያ ጥቁሩ» አለ። ሊሳደብ አልነበረም። ሰውዬውን ለመለየት ነበር። ተቀያሪ ወንበር ላይ የነበረው የባሻክሼሂር አጥቂ ደምባ ባ ተነስቶ መጣና ፊት ለፊቱ ቆሞ ጠየቀው። ነጭ ሰው ስትጠቁም «ይህ ነጭ ሰውዬ» አትልም፣ «ይህ ሰውዬ» ነው የምትለው፤ ጥቁር ሲሆን ለምን «ጥቁሩ» ትላለህ? ስታዲየሙ በኮሮና ምክንያት ባዶ ስለነበር ድምፁ በማይክሮፎን ጥርት ብሎ ተሰማ።

ሁለቱም ቡድኖች ሜዳውን ለቀው ወጡ። በዚያ ማታ አልተመለሱም። ጨዋታው በማግስቱ በሌሎች ዳኞች ከቆመበት ቀጠለ። በኋላ ኮልቴስኩ እስከ ውድድር ዘመኑ መጨረሻ ታገደ፤ ትምህርትም እንዲወስድ ተወሰነበት።

ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይል ነበር። «ጥቁር ማለት ምን ችግር አለው? ጥቁር አይደል እንዴ?» እኔም ሌላ ቀን ቢሆን ይህንኑ እል ነበር። አገራችን ሰው በመልኩ ይጠራል። ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር እንባባላለን። እናት ልጇን «ጥቁሬ» ብላ ታቆላምጣለች። ግን በዚያ ሰዓት ዓይኔ የቴሌቪዥኑን ሰውዬ አላይ አለ። የማየው ማሊያውን አጥፎ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ ልጅ ነው። ዌቦ እንኳ ቁጥር የለውም፣ አሠልጣኝ ነው። የእኔ ልጅ ጀርባው ላይ 14 ተጽፎ ነበር። ስሙም በእጄ ባለው ዝርዝር ላይ ነበር። በስሙ ለመጥራት ምንም አልጎደለንም።

እና የፓሪሱ አራተኛ ዳኛ ተቀጣ። የደብረ ብርሃኑ አራተኛ ዳኛ ሪፖርቱን አስገብቶ አበሉን ተቀበለ።

## 115 ገጽ

ከዚያ ማታ በኋላ እነዚህ ሕጎች እንዴት እንደሚሠሩ ማንበብ ጀመርኩ። ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ እ.ኤ.አ. በ2011 የሆነው የሊቨርፑሉ ሉዊስ ሱዋሬዝና የማንቸስተር ዩናይትዱ ፓትሪስ ኤቭራ ጉዳይ ነው፤ ኤቭራ ሱዋሬዝ በዘሬ ሰደበኝ ብሎ ከሰሰ። ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ሱዋሬዝ ስምንት ጨዋታ መታገዱንና 40 ሺህ ፓውንድ መቀጣቱንም እናውቃለን። እኔን የያዘኝ ግን ወደ ቅጣቱ የተሄደበት መንገድ ነው።

ኤቭራ ከጨዋታው በኋላ ከአሠልጣኙ አሌክስ ፈርጉሰን ጋር ወደ ዳኞች ክፍል ሄደ። የሆነውን ተናገረ። እዚያ ክፍል ውስጥ አራተኛው ዳኛ ፊል ዳውድ ማስታወሻ ያዘ። «ቀልድ ነው» አላለውም። «አትስማው» አላለውም። እውነት ይሁን ሐሰት ገና አያውቅም፤ ግን የተነገረውን ጻፈ። ከዚያ ወረቀት ተነስቶ ጉዳዩ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ዘንድ ደረሰ፣ ኮሚሽን ተቋቋመ፣ በመጨረሻም 115 ገጽ ያለው የውሳኔ ማብራሪያ ወጣ።

የዚያ ማብራሪያ ትልቁ ክፍል ስለ አንዲት ቃል ነው። ሱዋሬዝ «ኔግሮ» (በስፓኒሽ «ጥቁር») ማለቱን አልካደም። እኛ አገር ኡራጓይ ውስጥ ይህ የተለመደ አጠራር ነው፣ ወዳጅም በዚሁ ይጠራል፣ አለ። ሳነብ ደነገጥኩ። ይህ የእኔ ምክንያት ነው፤ ቃል በቃል የእኔ! ኮሚሽኑም ክርክሩን ንቆ አልጣለውም። የቋንቋ ባለሙያዎችን ጠራ። ባለሙያዎቹ፣ አዎ፣ ቃሉ በዚያ አገር በወዳጅነት ይባላል አሉ። ነገር ግን ኤቭራ እንደሚለው በጠብ መሀል ተብሎ ከሆነ፣ እዚያው ኡራጓይ ውስጥም ቢሆን ዘርን የሚያዋርድ ስድብ ነው አሉ። ስለዚህ ጥያቄው «ቃሉ እኛ አገር ምን ማለት ነው?» መሆኑ ቀረ። «በዚያች ሰዓት፣ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ምን ሲሆን ተባለ?» ሆነ። ኮሚሽኑ ምስክሮችን አመዛዝኖ ኤቭራን አመነ። ቃሉ በዚያ ጭቅጭቅ ሰባት ጊዜ መባሉንም ቆጥሮ አስቀመጠ።

ከውሳኔው በኋላ የሱዋሬዝ ጓደኞች የእርሱ ምስል ያለበት ቲሸርት ለብሰው አሟሟቁ። ደግ ሰው ነው፣ እናውቀዋለን ማለታቸው ነው። እኔም ማይክ የያዘውን ሰው ደግነት አውቃለሁ። ከእነዚያ ጓደኞች አንዱ ጄሚ ካራገር ኤቭራን በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ይቅርታ የጠየቀው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። እነዚያ 115 ገጾች ቃሉን አይሸሹትም። «አጸያፊ ንግግር» ብለው አያድበሰብሱም። የተባለውን እንደተባለ ይጽፋሉ፤ ካልተጻፈ ሊመዘን አይችልምና። እኔ ደግሞ ከላይ ይህን ሁሉ ጽፌ ቃሉን ዘለልኩት። ጨዋነት መስሎኝ ነው። ግን ሳጥኗ ውስጥ «የለም» ስል ያደረግኩትም ይህንኑ ነው።

ቃሉ «ሻንቅላ» ነው።

ይህ ቃል ቅጽል ስም አይደለም። በምዕራብ ያሉ ወገኖቻችን ለባርነት ሲታደኑና ሲሸጡ ይጠሩበት የነበረ ነው። ባርነት በአገራችን በአዋጅ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ የአያቶቻችን ዕድሜ ነው። ቃሉ ግን አልተሻረም። በድምፅ ማጉያ ላይ ሆኖ ለአንድ የግራ መስመር ተጫዋች «ጎበዝ» ለማለት ያገለግላል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። እኛ ረስተነዋል፤ ስለዚህ ቀልድ ነው። ልጁ አልረሳም፤ ስለዚህ «ይጻፉልኝ» አለ።

## ቅጣቱ ማን ላይ ያርፋል

ባለፈው ክረምት የዋንጫው ኮሚቴ ሲሰበሰብ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ እንዲገባ ጠየቅኩ። አንድ ሰዓት ያልቃል ብዬ ነበር። ሁለት ቅዳሜ ፈጀ።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከአንድ ትልቅ ሰው መጣ። «እኛ ኢትዮጵያውያን ዘረኝነት አናውቅም። ደቡብ አፍሪካን ከአፍሪካ ዋንጫ ያስወጣን እኛ ነን» አሉ። ስለ ደቡብ አፍሪካው ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲደረግ መሥራቾቹ አራት ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጮችን ብቻ ወይ ጥቁሮችን ብቻ እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አልክም አለች። ከውድድሩ ወጣች። እኛም በግማሽ ፍጻሜ ልንገጥማት ስለነበር በቀጥታ ፍጻሜ ገባን፣ በግብፅም 4 ለ 0 ተሸነፍን። ይድነቃቸው ተሰማ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ ዕለተ ሞታቸው 1987 ድረስ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሩም በዚህ ጉዳይ አልተመለሱም።

ትልቁን ሰው በአክብሮት መለስኩላቸው። «ጋሼ፣ ይድነቃቸው ጉዳዩን ለሰው ደግነት አልተዉትም። ደንብ አድርገው ነው የያዙት። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን እ.ኤ.አ. በ1976 ሲያባርር፣ በ1992 እስክትመለስም፣ ‹ደጎች ናቸው፣ ቀልዳቸው ነው› የሚል ጠፍቶ አይደለም።» ምሩፅ ይፍጠርንም አነሳሁ። በዚያው በ1976፣ የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ስለተጫወተና ኒውዚላንድ ከኦሎምፒኩ ስላልተከለከለች፣ አገራችንም እንደ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ቀረች። ምሩፅ ያን ኦሎምፒክ አልሮጠም። ቅጣት የሚቀጣውንም ያስከፍለዋል፤ እነርሱ ከፍለውታል። እኔን ደግሞ ሦስት መስመር መጻፍ ከበደኝ። ሰውዬው ዝም አሉ። ተስማሙ ማለቴ አይደለም፤ ግን ዝም አሉ።

ሁለተኛው ክርክር ከባድ ነበር፣ እስከ ዛሬም አልጨረስኩትም። አንድ ደጋፊ ቢሳደብ ቡድኑ ለምን ይቀጣል? የአውሮፓ ደንብ ተጫዋች ወይም አሠልጣኝ ከተሳደበ ቢያንስ አሥር ጨዋታ ያግዳል። ደጋፊ ከተሳደበ ደግሞ ቡድኑ ነው ተጠያቂው፤ መጀመሪያ የስታዲየሙ ከፊል ይዘጋል፣ ሲደገም ሙሉው። ሐሳቡ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እንደሚባለው ነው፤ የቤቱ ባለቤት አጥሩን ይጠብቅ ነው። ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነው። አፈጻጸሙን ስታይ ግን ታዝናለህ። እ.ኤ.አ. በ2012 የአውሮፓ ዋንጫ ዴንማርካዊው ኒክላስ ቤንትነር ጎል አግብቶ የውርርድ ድርጅት ስም ያለበት የውስጥ ሱሪ በማሳየቱ 100 ሺህ ዩሮ ተቀጣ። በዚያው ውድድር የክሮኤሺያ ደጋፊዎች ጣልያናዊውን ማሪዮ ባሎቴሊን በዘሩ ሲሰድቡ ፌዴሬሽናቸው የተቀጣው 80 ሺህ ዩሮ ነው። ይህን ሳነብ ወረቀቱን ጥዬ ተነሳሁ።

ስለዚህ በገንዘብ ቅጣት ብዙም አላምንም። ሀብታም ክለብ ከፍሎ ያልፋል። እኛ ዘንድ ያለው የሰፈር ቡድን ደግሞ ከምን ያመጣል? የማምነው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ጥፋተኛውን ለይቶ መያዝ ነው። የሪያል ማድሪዱን ብራዚላዊ ቪኒሲየስ ጁኒየርን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ቫሌንሲያ ሜዳ ላይ በዘሩ ከሰደቡት ውስጥ ሦስቱን ፍርድ ቤት በሰኔ 2024 የስምንት ወር እስራት ፈረደባቸው፤ ለሁለት ዓመትም ስታዲየም እንዳይገቡ ከለከላቸው። በስፔን በእግር ኳስ ሜዳ የዘር ስድብ እንዲህ ሲፈረድ የመጀመሪያው ነው።

ሌላው ጨዋታውን ማቆም ነው። የሦስቱ እርምጃ ደንብ የምንለው። ዳኛው መጀመሪያ ያቆምና በድምፅ ማጉያ ያስነግራል። ካልቆመ ተጫዋቾችን ወደ መልበሻ ክፍል ይልካል። አሁንም ካልቆመ ጨዋታውን ይሰርዛል። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ይዞታል። ሶፊያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 የቡልጋሪያና የእንግሊዝ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ፊፋ ምልክት ጨመረበት። የተሰደበው ተጫዋች ሁለት እጆቹን አንጓው ላይ አጣምሮ ለዳኛ ያሳያል። ያን ምልክት መጀመሪያ ያየሁ ቀን ጉልበቱ ጭቃ የሆነ ልጅ ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ ታየኝ። እርሱ ከአምስት ዓመት በፊት በአፉ አድርጎታል።

ሦስተኛው ክርክር በአንድ ወጣት የኮሚቴ አባል የተነሳ ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ዝም ብሎ ነበር። «ስለ ቀለም ብቻ ከሆነ የእኔስ?» አለ። ቤተሰቡ ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ነው። ልጅ ሆኖ ሲጫወት «ቡዳ» እየተባለ፣ በእርሱ ኮዳ ውኃ የሚጠጣ እንዳልነበረ ነገረን። አብረነው ያደግን ሰዎች ቤቱ ውስጥ ነበርን። አንዳችንም ቀና ብለን አላየነውም። የፊፋ መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ 4 የሚከለክለውን አነበብኩላቸው። ዘር፣ የቆዳ ቀለም፣ ብሔር፣ ማኅበራዊ አመጣጥ፣ ቋንቋ፣ ሃይማኖት እያለ ይሄዳል። «ማኅበራዊ አመጣጥ» ላይ ስደርስ ልጁ «እሱ ነው» አለ። ሕገ መንግሥታችንም አንቀጽ 25 ላይ ማኅበራዊ አመጣጥን በስሙ ይጠራዋል። ሁለቱም ወረቀት ላይ ነበሩ። ሰፈራችን ሜዳ ድረስ አልመጡም ነበር።

ነጥብ መቀነስ የሚለው ሐሳቤ ወደቀ። የገባው ይህ ነው። ማይክ የያዘ ሰው ተጫዋችን የሚጠራው በስሙ ወይም በቁጥሩ ነው። የተሳደበ ተጫዋች ከዋንጫው ይወጣል። ምልክቱ ከታየ ጨዋታው ይቆማል። አራተኛው ዳኛ የተባለውን ቃል እንደተባለ ይጽፋል፤ ባይስማማበትም ይጽፋል። ይህችን የመጨረሻዋን ያረቀቅኳት እኔ ነኝ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ብዬ ተከራከርኩላት።

በዚያው ክረምት አንድ ጊዜ ተሠራባት። «ቡዳ» ተብሎ አንድ ተጫዋች እጆቹን አጣመረ። ዳኛው አቆመ። አራት ደቂቃ ያህል ሜዳው ዝም አለ። አንዳንዱ አጉረመረመ። ብዙው ግን ጎን ለጎን ይጠያየቅ ነበር፤ «ምን ተብሎ ነው?» «ማን ነው ያለው?» አንዲት ሴት ልጃቸው ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቃቸው በጆሮው ሲያስረዱት አየሁ። ምን እንዳሉት አልሰማሁም። ግን ሲያስረዱት አየሁ።

## ስልኩ

የ14 ቁጥርን ስልክ ከቀድሞ የቡድን ጓደኛው አገኘሁ። ለመደወል ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አሁን እርሱም አስተማሪ ነው፤ በአገሩ በኩል ያስተምራል። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ጥቂት ዝም አለ። «አራተኛው ዳኛ» አለ።

ይቅርታ ጠየቅኩት። ብዙ አላወራሁም፣ የተዘጋጀሁበት ሁሉ ጠፋኝ። ከዚያ አዲስ ቅጽ አውጥቼ ያንን ሪፖርት እንደገና እንደጻፍኩት ነገርኩት። ለማንም አይገባም፣ ዋጋ የለውም፤ ግን «የለም» የሚለው ብቻ እንዳይቀር ነው አልኩት። ላነብለት እንደምችል ጠየቅኩት።

«ያንብቡት» አለኝ።

አነበብኩለት። ልዩ ሁኔታ፦ በ63ኛው ደቂቃ የተቃራኒ ቡድን ተከላካይ 14 ቁጥርን «ሻንቅላ» ብሎ ሰድቦታል፤ እናቱንም ሰድቧል። ተጫዋቹ ለአራተኛ ዳኛ አመልክቷል። አራተኛ ዳኛው ሰምቷል፤ አልመዘገበም።

«63ኛው ደቂቃ አይደለም መምህር» አለ። ድምፁ ቁጣ የለበትም። ተማሪ የተሳሳተውን እንደሚያርም ነው። «ሲጀመር እያሟሟቅን ነው። ሰልፍ ይዘን ስንገባ ሰውየው በማይክ ስማችንን ሲጠራ፣ እኔ ላይ ሲደርስ እንደዚያ አለ። ያኔ ሜዳው ሁሉ ሳቀ።»

«እሺ» አልኩት። እስክሪብቶ አነሳሁ።

«እርስዎም ስቀው ነበር» አለኝ። «እርስዎን እያየሁ ነበር። ዳኛ ስለሆኑ።»

አላስታውስም ልለው ነበር። ከአፌ መለስኩት። ደቂቃውን ሰረዝኩና «ከጨዋታው መጀመሪያ በፊት» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ባለው መስመር ላይ እርሱ ያለኝን ጨመርኩ።